የከሰዓት በኋላው ዕጣ

ሰኞ 3

ደብተር የያዝኩት አለቃችን ስላዘዘኝ ነው። “ሁሉን ነገር በጭንቅላትህ ትይዛለህ፣ ጭንቅላትህ ደግሞ ወንፊት ነው፤ ጻፍ!” አለኝ። የሥራ ነገር ጻፍ ማለቱ ነው። ሌላውንም ብጽፍ ማን ያየኛል።

አዲስ ሥራ መጣ። ከወንዙ ማዶ ሲሠራ የነበረው የገበያ ሕንፃ አልቋል፤ አርባ ሱቆች አሉት። የተመዘገቡት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ግን ሁለት መቶ ስድሳ ናቸው። አርባው ይገባሉ፣ የቀሩት በተጠባባቂነት ይሰለፋሉ። ባለፈው ጊዜ ዕጣው የወጣው በወረቀት፣ ከባልዲ ውስጥ ነበር። አንዳንዱ ወረቀት ከሌላው ወፈር ይል ነበር ተባለና ገበያው ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳረፈ። አሁን “የሰው እጅ አይግባበት፣ ማሽን ያውጣልን” ብለው ወደ እኛ መጡ። እኛ ማለት ፕሮግራም የምንሠራ አራት ሰው፣ ስድስት ኮምፒዩተርና አንድ የሚያንጠባጥብ የኩሽና ቧንቧ ነን። ዕጣው ቅዳሜ 29፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል።

አለቃችን እንደ ልማዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ (ወንበር አይወድም) “ዕጣው ንጹህ ይሁንልኝ፤ ሌላው ቢያስጠላም ግድ የለኝም” አለ። አክስቴም ተመዝግባለች ልለው አፌን ስከፍት ስልክ ተደወለለት። ነገ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ 5

ምሳ ሰዓት ላይ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። የስፌት መኪናዋን የአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ከተከለች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ይወርድባታል፣ ሲዘንብ ደግሞ ውሃ። እሷ ግን ደንበኞቿን “ጣሪያዬ በእግሩ ይሄዳል” እያለች ታስቃቸዋለች።

“እና ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ ቁጥር አይጠራም?” አለችኝ።

“አይችልም እቴቴ። ኮምፒዩተር ሒሳብ እንጂ ዕድል አያውቅም። ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ እያሰላ ነው የሚሄደው። መነሻውን ያወቀ ሰው የሚመጣውን ሁሉ ያውቃል።”

“ታዲያ ከየት ልታመጣው ነው?”

“አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ሬዲዮ ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ ታውቂው የለ? እሱን ቀን ከሌት ያዳምጡታል። የመብረቁም የምኑም ድምፅ ስለሆነ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ያንን ወደ ቁጥር ይለውጡና ለጠየቃቸው ይልካሉ።”

መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። “ከመብረቅ ነው የምትለኝ?”

“በከፊል።”

“ስንት ዓመት እዚህ ደረጃ ሥር የተሸማቀቅኩለት መብረቅ ነው ሱቅ የሚሰጠኝ?” ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሱቁን ግን በጣም ነው የምትፈልገው። ስትስቅ ዓይኗ ከላይ ከሚንጠባጠበው ብረት ላይ አልተነሳም።

ዓርብ 7

ቸኩያለሁ። የአገልግሎቱ የመግቢያ ቁልፍ ተሰጠን። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች መጡ! 41፣ 8፣ 233፣ እንደገና 8፣ 190። ከሰማይ የመጡ ቁጥሮች! አቅፌ ልስማቸው ነበር።

አንድ ጊዜያዊ ነገር አስገብቻለሁ፤ አገልግሎቱ መልስ ካልሰጠ ፕሮግራሙ ቀጥ እንዳይል የኮምፒዩተሩን የራሱን ስሌት ይጠቀማል። መነሻው ሁልጊዜ ሰባት። ለሙከራ ብቻ ነው። ሰኞ አወጣዋለሁ።

ደግሞ ለሳቅ ያህል፣ የኩሽናው ግድግዳ ላይ ባለው አሮጌ ስክሪን የስኒ ዕጣ ሠራሁ። የአራታችን ስም በየሰከንዱ ይገላበጥና ልክ አሥር ሰዓት ላይ ቆሞ የዕለቱን ስኒ አጣቢ ይጠራል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያው ከሰማዩ ነው፤ የተጠቀምኩትም በዚያው ቁልፍና በዚያው ኮድ። የመጀመሪያው ዕጣ ለአለቃችን ደረሰ። ሸሚዙን ሰብስቦ ሲያጥብ ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ።

ማክሰኞ 11

ትናንት ስኒ እኔ። ዛሬም እኔ። ይሁን፣ ዕድል ነው።

ጊዜያዊውን ነገር አላወጣሁትም። ነገ። አለቃችን ከከተማ ወጥቷል፤ የአክስቴን ነገር ሲመለስ።

ሐሙስ 13

የተመዝጋቢዎቹ እውነተኛ ዝርዝር ዛሬ ገባ፤ ስም የለውም፣ የምዝገባ ቁጥር ብቻ ነው።

ፈታሿ መጣች። ፈታሿ ማለት እኔ የሠራሁትን ሁሉ እስኪሰበር የምትሞክር የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሥራዋም ተፈጥሮዋም ነው።

“ስማ፣ ጠዋት አሥር ጊዜ ዕጣ አወጣሁ፤ አሥሩም የተለያየ። ከሰዓት በኋላ አሥር ጊዜ አወጣሁ፤ አሥሩም አንድ ዓይነት። ሁልጊዜ 117 አንደኛ ይወጣል” አለች።

“አገልግሎቱ ነው” አልኳት። “እጽፍላቸዋለሁ።”

“አንተ ጋ ምንም የለም?”

“እኔ ጋ ምን ይኖራል?”

“እሺ” አለች። የሷ “እሺ” ስምንት ዓይነት ነው፤ ይኸኛው የቱ እንደሆነ አላወቅኩትም። አንገቷ ላይ የጣለችው ሻሽ አረንጓዴ ነበር። ይህ ከሥራው ጋር አይገናኝም።

ስኒ፣ እኔ። አራተኛ ቀን። የገጾቹን መልክ የሚነድፈው ባልደረባችን “ሰማዩ ተጣልቶሃል” አለኝ። ሳሙናው እጄን እያሳከከኝ ነው።

ቅዳሜ 15

አክስቴን ላግዝ ገበያ ወረድኩ። ከሷ ፊት ለፊት በመስኮት የሚሠራው ሰዓት ሠሪ ድሮ ከሩቅ ሲያየኝ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ “ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?” ስለው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ “እግዜር ይመስገን” ብሎ ወደ ሰዓቱ ጎነበሰ። ጆሮውም ዓይኑም እየደከመ ነው መሰለኝ። ዳቦ የሚሸጡት ሁለት ሴቶች ደግሞ ሳልፍ “ዕጣ አውጪው እሱ ነው” ሲባባሉ ሰማሁ። ታዋቂ ሆኛለሁ ማለት ነው።

አክስቴ ጥቁር የልብስ ቁልፍ ከቆርቆሮው እንድፈልግላት ላከችኝ። ከቁልፎቹ መሀል አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የምዝገባ ወረቀቷ ነው።

117።

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። አልዋሽም። ቀጥሎ ምን እንደመጣ አሁን መጻፍ አልፈልግም። አጋጣሚ ነው። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ቡናማ ነበር፣ ሳቀችብኝ።

ሰኞ 17

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ቀረሁ። ነገሩን ለማግኘት የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ሃያ ደቂቃ አጥቼ ኖሯል።

አገልግሎቱ በቀን የሚሰጠን አርባ ሺህ ቁጥር ብቻ ነው። ሲያልቅ “ነገ ተመለሱ” ይላል። ማነው የሚጨርሰው? የኩሽናው ስክሪን! የአራት ሰው ስም በየሰከንዱ ለማገላበጥ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር ይጠይቃል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ማንም በሌለበት፣ ማን ስኒ እንደሚያጥብ ሰማይን ሲነዘንዝ ያድራል። እኩለ ቀን ሳይደርስ አርባ ሺው ያልቃል። ለሁለት መቶ ስድሳ ነጋዴ የሚበቃው ቁጥር ሁለት መቶ ስድሳ ነው፤ እኔ ለስኒ አርባ ሺህ አቃጠልኩ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ከዚያ ሳቄ ቆመ። ቁጥሩ ሲያልቅ ያ ጊዜያዊ ነገሬ ይገባል፤ ከሰባት ተነስቶ ያሰላል፣ ስሌቱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ለስኒው እኔን ይጠራል፣ ለሱቁ 117ን። ለምን 117? ለምንም። ከስምንት ቢነሳ ሌላ ሰው ነበር። ሰባትን የመረጥኩት ጣቴ ያ ቁጥር ላይ ስለነበረ ነው። አክስቴን አልመረጥኩም። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ካስፈለገ ማስረጃ ይሆናል።

ዕጣው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስክሪኑ ቅዳሜም ይሽከረከራል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለምን እንዳሰመርኩባቸው አላውቅም።

ነገ አስተካክለዋለሁ። ዛሬ የዕጣ ገጹን ጽሑፍ ማሳደግ አለብኝ፣ ሽማግሌዎቹ ነጋዴዎች ማየት አለባቸው።

ረቡዕ 19

ትናንት ከባድ ዝናብ ነበር። ከደረጃው ብረት የተንጠባጠበ የዝገት ውሃ አክስቴ ለሁለት ሳምንት ስትሰፋው የነበረ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ወረደ። የፊቱን ክፍል በሙሉ አውጥታ እንደ አዲስ ልትቆርጥ ነው። አልተቆጣችም። “ሙሽራዋ ከማየቷ በፊት መሆኑ በጀን” አለች። እኔ ግን ተናደድኩ። በደረጃው፣ በብረቱ፣ በዝናቡ፣ ሕንፃውን በሠሩት ሰዎች ሁሉ ላይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢደላው ምን ይጎድላል?

ዛሬም አላስተካከልኩትም። ጊዜ አጣሁ።

(ጊዜ አላጣሁም። የገጹን ቀለም ስለዋውጥ ነው የዋልኩት።)

ዓርብ 21

ስኒ፣ እኔ። ፈታሿ ሳልጠይቃት ፎጣ ይዛ መጣችና ታደርቅልኝ ጀመር።

“ከአገልግሎቱ መልስ አገኘህ?”

“እየተጻጻፍን ነው።”

“ምን አሉ?”

“እያዩት ነው።”

“እሺ።” ይኸኛውን “እሺ” አውቀዋለሁ። ግንብ ውስጥ ስንጥቅ ስታገኝ የምትለው ነው። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ አንድ ስኒ ሰብሬ ሁለታችንም ሳቅን። ጥሩ ከሰዓት ነበር። ውሸት ባልናገር ኖሮ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆን ነበር።

አለቃችን በስልክ ከነጋዴዎቹ ኮሚቴ ጋር ሲያወራ በበሩ ሰማሁት፦ “የሠራው ልጅ? በእሱ እንኳ አትጠራጠሩ። ስኒ ማጠብ እንኳ በዕጣ ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያጉረመርም የሚያጥብ ሰው ነው!” ወንበሬ ላይ አልመች ብሎኝ ዋለ።

እሑድ 23

ከአክስቴ ጋር ዋልኩ። የአንድ ሽማግሌ ኮት ጨርሳ፣ ተኩሳ፣ ሰቅላዋለች። ከዚያ እጅጌውን ገልብጣ አየችና መቀሷን አነሳች።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ከውስጥ አንዱ ስፌት ጠሟል።”

“እቴቴ፣ ገበር ውስጥ እኮ ነው! ማን ያየዋል?”

“እኔ አየሁት እኮ ማሙሽ። አሁን ምን ላድርግ?” አለች፤ ከልቧ የቸገራት ትመስላለች። እጅጌውን ተርትራ ፈታችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ አሁንም ማሙሽ ነው የምትለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ አለች። ገበያው እንዴት ነው ብላት “ደህና ነው” አለች። ዳቦ ሻጮቹ አጠገቧ መቀመጥ ትተዋል። ከፀሐዩ ሸሽተው ይሆናል።

ማክሰኞ 25

ጽሑፉ ትልቅ ሆኗል። ቀለሙ አምሯል። ዛሬ የአንዱን አዝራር ጠርዝ ክብ አደረግኩት። ሌላ የቀረ ሥራ የለም ማለት ይቻላል።

ስኒ፣ እኔ።

አክስቴ ሱቁን ብታገኝ የመጀመሪያውን ቀን በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ አውቶቡሱ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አሳለፈኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ትልቅ መስኮት፣ ደረቅ ጣሪያ። ከዚያ እኔን የምታይበት ዓይኗ ትዝ አለኝና ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ 27

ይህን በሰፊው ልጻፈው።

ጠዋት አለቃችን ኮሚቴው ዛሬ የሙከራ ዕጣ ሊያይ እንደሚመጣ ነገረን። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አምስት ሰዎች፤ አንዱ ሰዓት ሠሪው ነው።

ፈታሿ ወንበሯን ወደኔ ገፍታ ቀስ ብላ “ጠዋት ይምጡ እንበላቸው? ጠዋት ጠዋት ጥሩ ይሠራል” አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም። አየኋት። አንድ ቃል ብቻ ብናገር፣ እሺ ብል፣ ነገሩ ያልፋል፤ ቅዳሜ ደግሞ በራሱ ይሆናል። ማንም አያውቅም።

“አገልግሎቱ አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ። የኩሽናው ስክሪን ቁጥሩን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ የኔ ጊዜያዊ ኮድ ይገባል። ከሰኞ 17 ጀምሮ አውቄዋለሁ። 117 አክስቴ ናት።”

“ስክሪኑን ባለፈው ዓርብ ደርሼበታለሁ” አለች። “ስኒ እያደረቅኩልህ ስክሪኑን ሳየው ‘መልስ የለም’ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከታች ነበረው። አክስትህ መሆኗን ግን አላወቅኩም። አውቀህ ዝም ማለትህን ብቻ ነበር የማውቀው።”

“ለምን አልተናገርሽም?”

“አንተ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነዋ።” ከዚያ ተቆጣች፦ “ስድስት ቀን! ስድስት ቀን ሙሉ ሆዴን አሳመምከኝ እኮ አንተ!” ነዳፊው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አየን።

አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ስክሪኑን ከቁልፉ ለየነው። ጊዜያዊውን አወጣሁት፤ ቁጥር ከሰማይ ካልመጣ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ አያሰላም፣ አያስመስልም። ከዚያ አለቃችን ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ ነበር የተቀመጠው። ወረደና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያኔ አወቅኩ።

“ከሥራ ላባርርህ ይገባ ነበር” አለ።

“አዎ።”

“መጀመሪያ ግን ለነሱ ራስህ ትነግራቸዋለህ።”

ነገርኳቸው። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩ ሳይኖር ዓይኑ እንዴት ትልቅ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። “ይህን ባትነግረን እናውቅ ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ።

“አታውቁም ነበር ጋሼ።”

እርስ በርስ ተያዩ። ሰዓት ሠሪው ፂሙን አሻሸ። “ዕጣው ቅዳሜ ይወጣል” አለ። “በዚሁ ማሽን። ቁጥሩ ሲመጣ ግን እኔ አጠገብህ ቆሜ ነው።”

ዓርብ 28

አልተባረርኩም። ቅጣቴ ለአንድ ወር ያለ ዕጣ ስኒ ማጠብ ነው። ኑሮዬ አልተለወጠም ማለት ነው። ፈታሿ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች።

ለአክስቴ አልነገርኳትም። ነገ ካለፈ በኋላ።

ቅዳሜ 29

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰዓት ሠሪው ትከሻዬ ላይ ተንጠላጥሎ ይተነፍሳል። ዘጠኝ ሰዓት። ተጫንኩት። ትልቁ ስክሪን ላይ ጽሑፍ መጣ፦ “ቁጥር አልመጣም። ዕጣ አይወጣም።”

ዝናቡ ኢንተርኔቱን አቋርጦት ኖሯል። ጉምጉምታ ተነሳ። አለቃችን የሸሚዙን ኮሌታ ይጎትታል። ሰዓት ሠሪው ግን ወደ ሕዝቡ ዞሮ “ተቀመጡ! ካላወቀ አላውቅም የሚል ማሽን ነው፤ ሰው እንኳ እንዲህ አይልም!” አለ። ሳቅ ሆነ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰ፣ እንደገና ተጫንኩት፣ ቁጥሮቹም መጡ።

አርባዎቹ አንድ በአንድ ተነበቡ። 117 የለም። አንደኛዋ ዳቦ ሻጭ አገኘች፣ ሰዓት ሠሪው አላገኘም። ከዚያ ተጠባባቂዎቹ ተነበቡ። አክስቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሃምሳ፣ መቶ፣ መቶ ሃምሳ። በየቁጥሩ ልቤ ትንሽ ትንሽ ወረደ። “ሁለት መቶ ሦስተኛ፣ 117!”

አክስቴ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ብቻዋን፣ ከልቧ፣ አርባው ውስጥ የገቡት እንኳ ባላጨበጨቡት ጭብጨባ። አዳራሹ ዞሮ አያት። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ ከዚያ ዳቦ ሻጮቹ ተነስተው አብረዋት አጨበጨቡ። እኔ ምኑም አልገባኝም።

እሑድ 30

ጠዋት ደረጃው ሥር ተቀምጠን ጠየቅኳት።

“ለምንድነው ያጨበጨብሽው እቴቴ? ሱቁን አትፈልጊውም ነበር?”

“አልፈልግም እንዴ! ትናንት ማታ አልቅሼለታለሁ እኮ” አለች። “ግን ዕጣ አውጪው ልጇ ነው ተብሎ ወር ሙሉ ሰላምታ ነስተውኛል። ብወጣ አንተን ነበር የሚበሉህ። ልሰረዝ ብዬም ነበር፤ ብሰረዝ ደግሞ ነገር አውቃ ነው ይሉኛል። ምን ላድርግ? እንዳልወጣ ስጸልይ ከረምኩ። ሁለት መቶ ሦስተኛ ሲል ደስታዬ ገነፈለ።”

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ስክሪኑን፣ ሰባትን፣ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አንደኛ ትወጣ እንደነበር።

የስፌት መኪናውን አቆመች። “ሁልጊዜ አንደኛ?”

“ሁልጊዜ።”

“አውቀህ ስንት ቀን ዝም አልክ?”

“አሥር ቀን።”

“ለኔ ብለህ?”

“ለአንቺ ብዬ።”

ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አወረደችና ጀርባዬን ሁለት ጊዜ ገረፈችኝ። አላመመኝም ማለት አልችልም። ከዚያ ስባ አቀፈችኝ፣ አጥብቃ፣ ሸሚዜ ላይ እስክታነባ። አቅፋኝ እያለችም በሌላው እጇ ሦስተኛውን አሳረፈችብኝ።